መዋዕለ ሕፃናትና አዲስ ቤት በአንድ ወር፦ የትኛው ይቅደም?

ክሩን (የመስመር ላይ ውይይቱን) የከፈተችው እናት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ልጇ 3 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል። መዋዕለ ሕፃናት የምትጀምርበትና ቤት የሚቀየርበት ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተገጣጠሙ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ቦታ አይጠብቅም፤ የድሮውን ቤት ግን ጥቂት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። እግረ መንገዷንም አጥር ያለውን የሕፃን አልጋ በትልቅ አልጋ ለመተካትና የማታውን ዳይፐር ለማስቀረት አስባለች። ልጅ ቶሎ ይረሳልና ሁሉንም በአንዴ ገላግሎ መጨረስ ይሻላል ባይ ናት። ይህ ካላስኬደ የቱ ይቅደም ብላ ጠየቀች።

ከሥሩ 26 ምላሽ ተሰልፏል። እንደ አመጣጣቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ለአንድ መስመር እንኳ የማይበቃ ስለሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ምላሽ 1 በትሕትና ጀምሮ ለውጦቹን ቆጠረላት፦ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ አልጋ፣ ዳይፐር። ሁለቱ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ግን በእሷ እጅ ስላሉ ይቆዩ አለ።

ምላሽ 2 በግማሹ ተስማምታ ግማሹን አረመች። ዳይፐሩ ይቆይ፤ አልጋው ግን መቆየት የለበትም። አጥር ያለው አልጋ የሚቀየረው ልጅ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወይም ቆሞ አጥሩ ደረቱ ላይ ሲውል ነው፤ ከዚያ በኋላ ተንጠልጥሎ በራሱ መውደቅ ይመጣል። የሦስት ዓመት ከአራት ወር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቁመት አልፋለች። ስለዚህ ትልቁ አልጋ ዛሬውኑ በድሮው ቤት ውስጥ ይግባ፤ ልጅቷ በምታውቀው ክፍል፣ በምታውቀው ግድግዳ ሥር ትልመደው። ቤት ሲቀየር አልጋው የለመደችው ዕቃ ሆኖ አብሯት ይሄዳል። አልጋው ገና ካልተገዛ ፍራሹን መሬት ላይ መዘርጋት ይበቃል። ለኔ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ምላሾች የበሰለው ይህ ነው።

ምላሽ 3 የዳይፐሩን ነገር ብቻ ይዞ መጣ። የቀንና የማታ መድረቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቀኑ ልምምድ ነው፤ የማታው ግን ፊኛ እስኪበስልና ሰውነት ሌሊት የሚያመርተውን ሽንት እስኪቀንስ የሚጠብቅ ነው፣ በማሠልጠን አይፋጠንም። እስከ 5 ዓመት ድረስ ማታ መሽናት እንደ ችግር አይቆጠርም። ጠዋት ጠዋት ዳይፐሩ ለተከታታይ ቀናት ደርቆ ሲገኝ ያኔ ይነሣ።

ምላሽ 4 ልጅ ቶሎ ይረሳል የሚለውን ነካ። ልጅ ለውጥን በአፉ አይናገርም እንጂ በሥራው ይናገራል፦ ደርቃ የነበረችው ልጅ በቀን ልብሷ ላይ ትሸናለች፣ ጣት መጥባት ይመለሳል፣ እቀፉኝ ይበዛል፣ የሌሊት መንቃት ይመጣል። ይህ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ ነገር ነው፤ ማሳፈርና መቅጣት ግን ያራዝመዋል። ልክ ነው፣ ብዙም አልተከራከሩበትም።

ምላሽ 5 ወደ ዋናው ጥያቄ ገባ። መዋዕለ ሕፃናቱ የሚቀርበው ለድሮው ቤት ነው ወይስ ለአዲሱ? መንገዱ፣ የምትነሣበት ሰዓት፣ የምትተኛበት ሰዓት ሁሉ በዚህ ይወሰናል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ መንገዱ ረዝሞ ማልዳ መነሣት ካለባት የሚጎድለው ከዚህ ነው። ከዚያም ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ተረት አነሣ፦ ቤቱ ሲነቀል የምትንጠለጠልበት አንድ የቆመ ነገር ይኑራት። በእሱ አስተያየት መጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናቱ ይጽና፣ ከዚያ ቤቱ ይነሣ።

ምላሽ 6 የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ከክሩ ረጅሙ የእሷ ነው። የበርሊን ማላመጃ የሚባለውን አሠራር በዝርዝር አስረዳች። በ1980ዎቹ በርሊን ውስጥ የተቀረጸ፣ እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ስለ ልጅና አሳዳጊ ትስስር ባነሣው ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንድ አሳዳጊ ከልጁ ጋር ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ መለያየት አይሞከርም። አሳዳጊው ጥግ ይቀመጣል፤ አያጫውትም፣ ሂድ ተጫወት ብሎም አይገፋም፣ ልጁ ሲመጣ ግን ይቀበለዋል። ስልክና መጽሐፍ ማውጣት የለም። መምህርቷ በጨዋታ ቀስ ብላ ትጠጋለች። በአራተኛው ቀን አሳዳጊው ልጁን ተሰናብቶ ከክፍሉ ይወጣል፣ ከግቢው ግን አይርቅም። ልጁ ከተረጋጋ ወይም አልቅሶ በመምህርቷ እጅ ከተጽናና መለያየቱ እስከ 30 ደቂቃ ይሄዳል። ካልተጽናና በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ መመለስ ነው። ከዚህ ቀን ሁኔታ ተነሥቶ አጭሩ መንገድ፣ 6 ቀን ገደማ፣ ወይም ረጅሙ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ይመረጣል። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለች፦ የመጀመሪያው መለያየት ሰኞ ላይ አይዋል፤ ቅዳሜና እሑድን ቤት ውሎ የመጣ ልጅ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ምላሽ 7 ላይ ክሩ ሞቀ። ሥራ ያለው ሰው ሦስት ሳምንት ከየት ያመጣል፣ ይህ የወረቀት ላይ ምክር ነው አለ። ልጁ አሻንጉሊት ላይ ሲመሰጥ ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚበቃ፣ አልቅሶ አልቅሶ እንደሚተወው ጻፈ።

ምላሽ 8 እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። ተደብቆ የሚወጣ ወላጅ ለልጁ የሚያስተምረው ዓይኑን ከነቀለ ሰው እንደሚጠፋ ነው። እንዲህ የተደረገበት ልጅ በማግስቱ አሻንጉሊት ጋ አይሄድም፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ የእናቱን ቀሚስ ጫፍ ጨምድዶ፣ በሩን እያየ ይቆማል። መምህርት ልታጫውት የሞከረችውን ሁሉ የሚያከሽፈው ይኸው የበር ጥበቃ ነው። ስንብቱ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ መሳም፣ ማን መጥቶ እንደሚወስዳት መንገር፣ መውጣት። መመለሻው በሰዓት አይነገር፤ ሰዓት ለማታውቅ ልጅ ከምሳ በኋላ ወይም ከእንቅልፍ ስትነሣ ብሎ ከምታውቀው ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ያ ነገር ሲደርስ ደግሞ መገኘት። ተሰናብቶ በር ላይ ደጋግሞ መመለስም ከመደበቅ አይሻልም፣ ልቅሶው መልሶ እንደሚጠራት ያስተምራልና።

ምላሽ 9 ሁለቱን ገላገለ። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን የሚጠይቀው አንድ ሰዓት ያህል ነው እንጂ ሙሉ ቀን አይደለም። እናት ካልቻለች አባት፣ አያት ወይም አክስት ይችላሉ። ልጅቷ የምታምነው ሰው መሆን አለበት፤ በየቀኑም ያው ሰው ይሁን። እንዲያውም ከእናቷ መለየት የከበዳት ልጅ ከአባቷ ወይም ከአያቷ ጋር ስትሄድ ሊቀላት ይችላል። 7ኛው ከዚህ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ምላሽ 10 ይህን ሁሉ ያመጣችው ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት፣ መዋዕለ ሕፃናትን ሮም ላይ የጀመረችው እሷ ናት ብሎ ወሬውን ወደ ታሪክ ወሰደው። ምላሽ 11 አረመው፦ ጀርመናዊው የትምህርት ባለሙያ ፍሪድሪሽ ፍሮበል ተቋሙን በጀርመኗ ባድ ብላንከንቡርግ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው፣ የልጆች አጸድ (ኪንደርጋርተን) የሚለውን ስም የሰጠው በ1840። ሞንቴሶሪ በሮም ሳን ሎሬንሶ ሰፈር የልጆች ቤቷን የከፈተችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ነው፣ 70 ዓመት ገደማ ቆይቶ። እርማቱ ትክክል ነው፤ ለጠያቂዋ ግን ምንም አልጠቀማትም።

ምላሽ 12 ልጅቷ ለብሳውና በቦርሳ ይዛው ወደምትሄደው ነገር መለሰን። ሱሪ ላስቲክ ያለው ይሁን፤ ቀበቶና ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሱሪ ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ልጅን ያዋርዳል። ጫማ በሚጣበቅ ማሰሪያ ይዘጋ። ሁለት ሙሉ ቅያሪ፣ ካልሲም ጭምር፣ ከውሃ የማያሳልፍ የእርጥብ ልብስ ከረጢት ጋር ይግባ። ስም በማይለቅ ብዕር የልብሱ መለያ ጨርቅ ላይ ይጻፍ፤ በእጥበት ስለሚደበዝዝ በየወሩ መታየት አለበት። ጫማ ላይ ከተረከዝ ሥር የተጻፈ ስም በላብ ይጠፋል፣ የጫማው ምላስ ላይ ይጻፍ። ከኮፍያና ከአንገት የሚንጠለጠል ገመድ ካለ ይውጣ፤ ሸርተቴ ላይ ተይዞ ያንቃል። የምግብ ዕቃዋን ራሷ ከፍታ መዝጋት አለባት፤ ክዳኑን ለማለማመድ ቤት ውስጥ ውሃ ጨምሮ መስጠት።

ምላሽ 13 ነርስ ነች መሰለኝ፤ ያነሣችው ነገር ሌላ ማንም ያላሰበው ነው። አዲስ ቦታ የገባ ልጅ ሽንቱን ሳይሆን ሰገራውን ይይዛል። የመቀመጫው ከፍታ፣ የውሃው ጩኸት፣ የበር አለመዘጋት ያስፈራዋል። የተያዘ ሰገራ ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያማል፤ ስላመመው ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። ከዚያ ቀጭን ነገር በደረቁ ዙሪያ እየሾለከ ፓንቱን ያቆሽሻል፤ ወላጅ ተቅማጥ ነው ብሎ ያልሆነ ሕክምና ይጀምራል። መፍትሔው እግር የሚያርፍበት መርገጫ ከመቀመጫው ሥር ማድረግ ነው፤ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ እግር ለማማጥ አያስችልም። በየቀኑ ከምግብ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ውሃና ፍራፍሬ ማብዛት። ሰገራ ሲወጣ ካመማት ወይም ደም ከታየ ሐኪም ያየው። በመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ከመጫወቻው በፊት ሽንት ቤቱን ማሳየትና ውሃውን ራሷ እንድትለቀው ማድረግ ብዙ ያቀላል።

ምላሽ 14 ስለ ጉንፋን ነው። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ያለ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የመዋዕለ ሕፃናት ዓመት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ ይታጠብ፤ በአልኮል የሚሠራው ጄል የተቅማጥና የትውከት ቫይረስ የሆነውን ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም፣ ሳሙናና ውሃ አይተካም። የክትባት ካርዱ ዕቃ ሲታሰር ካርቶን ውስጥ እንዳይገባ፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ምላሽ 15 ወደ አዲሱ ቤት ተሻግሮ የቦይለሩ ሙቀት ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ መከረ። ምላሽ 16 ኃይለ ቃል ተጠቀመ፦ ይህ አደገኛ ምክር ነው፤ ታንክ ያለው ቦይለር እስከዚያ ከወረደ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ይራባል፣ ታንኩ 60 መሆን አለበት። ምላሽ 17 ያው 15ኛው ነው፤ ተመልሶ በ60 ዲግሪ ልጅ እንደሚቀቀል ጽፎ የሰደበውን ሰደበ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሊሆን ሲል ምላሽ 18 ጣልቃ ገባች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ቦታ ነው። ሌጂዮኔላ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው፤ 60 ላይ ይሞታል። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ ደግሞ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ በጥልቀት ያቃጥላል፣ የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ባነሰ ጊዜ፤ 49 ላይ ግን ደቂቃዎች ይወስዳል። ስለዚህ ታንኩ 60 ላይ ይቆይ፣ ወደ መታጠቢያው ከሚሄደው ቧንቧ ላይ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ሙቀት ተቆጣጣሪ ቫልቭ ይገጠም። ቫልቩ እስኪገጠም ልጅቷን መታጠቢያ ቤት ለቅጽበትም ብቻዋን አለመተው፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን መቅዳት፣ ከዚያ ሙቁን መጨመር፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ወይም በክርን ማረጋገጥ።

ምላሽ 19 የእጅ ባለሙያ እንደሆነ ከቃላቱ ያስታውቃል። ልጅ መሳቢያን እንደ ደረጃ ይወጣበታል፤ ሁለት መሳቢያ አብረው ሲከፈቱ የቁምሳጥኑ ክብደት ወደ ፊት ይመጣና ይገለበጣል። አዲስ ቤት ውስጥ አደጋው የሚብሰው ዕቃው ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር ለጊዜው ተብሎ ስለሚቆም ነው። ከባድ ነገር ከታችኛው መሳቢያ ይግባ፤ ቴሌቪዥኑም ይታሰር። ኮንክሪት ከሆነ ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) የ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ)፣ ቀዳዳው ከፊሸሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ አቧራው ካልወጣ ፊሸሩ አይቀመጥም። ክፍት ሆድ ያለው ብሎኬት ላይ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) ከመዶሻ ቦታ አውጥቶ በዙር ብቻ መብሳት፤ መዶሻው የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ከውስጥ ያፈርሰዋል። ጂፕሰም ቦርድ ብቻውን አይሸከምም፣ ተስቦ ይወጣል፤ ከጀርባው ያለውን የእንጨት ወይም የብረት ቋሚ ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ነው። ማሰሪያው ከቁምሳጥኑ ስስ የጀርባ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ከላይኛው ወፍራም ጣውላ ላይ ይያዝ። ካሰሩ በኋላ የላይኛውን መሳቢያ ስቦ ወደ ታች መጫን ነው፤ ከተነቃነቀ አልታሰረም።

ምላሽ 20 ተከራይ ነው፤ አከራይ ግድግዳ መብሳት ከከለከለስ አለ። ከዚያው ሥር 19ኛው ቁጥር ሳይጨምር በአርትዖት መለሰለት፦ በጽሑፍ ማስፈቀድ፣ ሲለቁ ቀዳዳውን በስቱኮ መድፈን። እምቢ ካለ ረጅሙን ዕቃ ጨርሶ ልጅ ክፍል አለማስገባት።

ምላሽ 21 መስኮትና ቀለም አንድ ላይ ጠቀለለች። መስኮት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት ማቆሚያ ይገጠምለት፤ የወባ ትንኝ መረብ ልጅ አይይዝም፣ ሲደገፉት ተነቅሎ ይወድቃል። አልጋና ወንበር ከመስኮት ሥር አይቀመጡ። የመጋረጃ ገመድ የተቋጠረ ቀለበት ካለው ይቆረጥ፣ ጫፉ ልጅ የማይደርስበት ላይ ይታሰር። ከደረጃ አናት ላይ የሚቆም በር በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ በግፊት ብቻ የሚቆመው ለታች ወይም ለክፍል በር ነው፣ አናት ላይ ልጅ ሲደገፈው አብሮት ይወርዳል። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የቆየውን ቀለም በደረቁ መፈግፈግ እርሳስ ያለበት አቧራ ሊያነሣ ስለሚችል ልጅ በሚኖርበት ቤት አይሞከርም። የልጅቷ ክፍል ከመግቢያው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ይቀባና መስኮቱ ተከፍቶ ይናፈስ።

ምላሽ 22 ስለ ዕቃ መጫኛው ቀን ብቻ ነው። የልጅ ክፍል መጨረሻ ይጫናል፣ መጀመሪያ ይራገፋል፤ አልጋዋ ከሳሎን ሶፋ በፊት ይገጠማል። አንሶላዋ ከመሄጃው በፊት አይታጠብ፤ የለመደችው ሽታ የመጀመሪያውን ሌሊት ያቀላል። አልጋው ከበሩ አንጻር እንደ ድሮው ይዙር። የሌሊት መብራት፣ ፒጃማ፣ ኩባያ፣ ሁለት መጽሐፍ በአንድ ከረጢት ከሹፌሩ ጋር ሳይሆን ከወላጅ ጋር ይሂዱ፤ የምትተኛበት አሻንጉሊት ጨርሶ አይታሸግ፣ በእጇ ይሁን። አሻንጉሊቶቿ ካርቶን ሲገቡ ትይ፤ ያላየች ልጅ ተጥለዋል ብላ ነው የምታስበው። ልጅቷ በመጫኛው ሰዓት ሌላ ቤት ትቆይ፣ ባዶውን ቤት ግን አይታ ትሰናበት። ሌላው ጉዳይ መድኃኒትና ባትሪ ነው። ወለል ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ውስጥ መድኃኒት አይኑር። የርቀት መቆጣጠሪያ ክዳኑ በጉዞ ይላቀቅና ክብ ጠፍጣፋዋ ባትሪ ትወድቃለች፤ ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከቆመች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ጥርጣሬ ካለ ምልክት ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ምላሽ 23 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። አልጋው በዚህ ሳምንት ይገባል፣ የማታ ዳይፐሩ ይቆያል፣ የድሮው ቤት ለአራት ሳምንት ይራዘማል። መዋዕለ ሕፃናቱ ከሁለቱም ቤት በእግር የሚደረስበት ነው። ረቡዕ ይጀምራሉ፤ አባትየው ይዟት ይገባል፣ ሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ዕቃ ይጫናል።

ምላሽ 24 መምህርቷ ናት፤ ሁለት ነገር አስተካከለችላት። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ሦስቱ የአብሮ መቆያ ቀናት ከሆኑ አራተኛው ሰኞ ላይ ይውላል፤ ወይ መለያየቱን ወደ ማክሰኞ መግፋት ወይ ሰኞ መጀመርና ሐሙስ መለየት፣ ዓርብ መድገም። ሁለተኛው ይበልጣል፦ የመጫኛው ቀን በካላንደር አይወሰን። ማላመዱ ያለቀው ልጅቷ ሳታለቅስ ስትገባ አይደለም፤ ስታለቅስ በመምህርቷ እቅፍ ስትጽናና ነው። ዝም ብላ የምትቀመጥ፣ የማትበላ፣ ማንም እንዲነካት የማትፈልግ ልጅ አልለመደችም፣ ታግሣ ነው። ስትወድቅ ወይም ስትከፋ ወደ መምህርቷ መሮጥ ከጀመረች ቤቱ ይነሣ። እዚያው የምታንቀላፋበት ቀንም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው የቀን እንቅልፏና የመጫኛው ቅዳሜ በአንድ ሳምንት እንዳይገጥሙ። ጠያቂዋ ቅዳሜውን በአንድ ሳምንት ገፋችው፣ ምስጋናዋንም እዚያው አኖረች።

ምላሽ 25 የደረጃው የእጅ መደገፊያ ምሰሶ ክብ ስለሆነበት የደረጃውን በር ብሎን የሚያስርበት ጠፍጣፋ ነገር አጥቶ ጠየቀ። ምላሽ 26፣ 19ኛው ባለሙያ፣ ክቡን ምሰሶ እንዳይበሳው መክሮ ለዚህ የሚሸጥ ማቀፊያ መኖሩን ነገረው። ካልተገኘ ጠፍጣፋ ጣውላ ከምሰሶው ጋር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በብረት ማቀፊያ አስሮ በሩን ጣውላው ላይ መግጠም ይቻላል፤ በምሰሶውና በማቀፊያው መካከል ጎማ ይግባ፣ አለዚያ ይዞራል።